ጳጉሜን ያልቆጠረው ኮድ

የሟች ድምፅ በቤቱ ድምፅ ማጉያ እየሰማና እያወራ የሚቆየው እስከ አርባው ነው። በአርባኛው ቀን ሲስተሙ ድምፁን ከማህደረ ትውስታው ያወጣና ቦታውን ለአዲስ ሟች ይሰጣል። ኮዱን የጻፈው ሰው ግን ጳጉሜን መቁጠር ረስቶ ስለነበር በነሐሴ የሞቱ ሰዎች አምስት ቀን ተጨማሪ ያገኙ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ታረቀኝ ያረፈው ነሐሴ አንድ ነው። መስከረም አምስት ከሰዓት በኋላ ባልደረባዬ ዘርይሁን ስህተቱን በአንድ መስመር አርሞ እንድገመግመው ላከልኝ። ካጸደቅኩት ጋሼ ዛሬውኑ ይሄዳል።

ዘርይሁን ጋ ደወልኩ። "እስከ አሥር ድረስ ላቆየው?"

"ደስ ባለኝ፣ እህቴ። ግን ቦታው ሞልቶ ትናንት የሞተች ልጅ ድምፅ አልገባም። እናቷ እየጠበቀች ነው።"

ጋሼ ከወጥ ቤቱ ድምፅ ማጉያ ሰምቶናል።

"ሃያ ዓመት ሚኒባስ ነድቼ፣ ልጅቷ ቆማ እኔ ወንበር ልያዝ? በይ፣ ወራጅ አለ በያቸው።"

"አንድ ፌርማታ ብቻ፣ ጋሼ።"

"አንቺ ደግሞ! ከፌርማታ አሳልፎ ማውረድ ያስቀጣል።"

ሳቅኩ። በአስተያየት መስጫው ላይ "ወራጅ አለ" ብዬ ጽፌ አጸደቅኩት። ዘርይሁን "ልጅቷ ተሳፍራለች" ብሎ መለሰልኝ።