መጨረሻውን እንዳይነግሩን

ነርሷ ስለ ወንጀል ልቦለዷ፣ ሾፌሩም ስለ ታሪክ መጽሐፉ ለንባብ ክበቡ አውርተው ሲጨርሱ ተራው የልብስ አጣቢዋ ሆነ። በስተርጅና ነበር ፊደል የቆጠረችው። ስለ አንዲት ኤሊ የተጻፈውን የልጆች መጽሐፍ ከቦርሳዋ አወጣች።

«ለእናንተ የልጅ ጨዋታ ነው» አለች አንገቷን ደፍታ። «እኔ ግን ማንም ሳያግዘኝ ጨረስኩት። ኤሊዋ ወንዙ መሃል ስትደርስ ልቤ ተሰቅሎ ወጡ አረረብኝ! ከዚያማ ጎርፉ…»

«እትዬ፣ በሞቴ!» ነርሷ ከወንበሯ ብድግ አለች። «መጨረሻውን እንዳይነግሩን! ልዋሰው።»

«ከእሷ ቀጥሎ እኔ ነኝ» አለ ሾፌሩ።

ማንም አልሳቀም። አጣቢዋ እንባዋን እየዋጠች መጽሐፉን በሁለት እጇ ለነርሷ ሰጠቻት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አለቻት። «አደራሽን ግን፣ ገጹን እንዳታጥፊብኝ።»