የቀትር ሸራ

መክፈቱ እንደሚጎዳ እያወቀች፣ ሲስተር ከውሰር የክትባት ፍሪጁን ደግማ ከፍታ የሙቀት መለኪያውን አየችው። አሁንም ሽቅብ እየወጣ ነበር። ውጭ፣ ጥላ በሌለው የጤና ኬላው ግቢ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተራ ይጠብቃሉ። ያ ረቢ! ፀሐይዋ እንዲህ እያነደደች፣ በፀሐይ የሚሠራ ፍሪጅ በየቀትሩ ምን ነክቶት ይሞቃል? ዛሬ ምሳዋን ትታ የቀረችው ይህን ለማወቅ ነበር። መቀመጥ አቃታት፤ ገመዱን ነካካች፣ መስኮቱን ከፍታ ዘጋች። ያኔ የጣሪያው ቆርቆሮ ተንኳኳ።

ሮጣ ወጣች። ዘበኛው ጋሽ ኡመይር መሰላል ላይ ቆመው ጣሪያው ላይ ያለውን የፍሪጁን ሶላር በቡና ማድረቂያ ሸራ እየሸፈኑ ነበር።

«ጋሽ ኡመይር! ምን እያደረጉ ነው?»

«ቀትር አይደል እንዴ? ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና እንኳ በዚህ ሰዓት ካልተሸፈነ ይሰነጠቃል። ይሄ ደግሞ መስታወት ነው» አሉ ኮራ ብለው። «አንቺ ምሳ ስትሄጂ እሸፍነዋለሁ። ወላሂ፣ አንድ ቀን አልዘለልኩም።»

ልትጮህባቸው አፏን ከፍታ ነበር። ሽማግሌው መሰላል ላይ መሆናቸውን አስባ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ይሄ ፀሐይ የሚበላ ነው፣ አባባ። ሲሸፍኑት ይራባል፤ ክትባቱም ይበላሻል።»

ሽማግሌው ወደ እናቶቹ ዞረው አዩ። ሸራውን ገፈፉና ወረዱ። እሷ ሌላ ክትባት ከአሰንዳቦ ጤና ጣቢያ በሞተር እንዲላክላት ስትደውል፣ እሳቸው ሸራቸውን እንደታቀፉ ግቢው መሃል ቆመው ቀሩ።

«ሲስተር» አሉ ቀና ሳይሉ፣ «ሕፃናቱስ? እነሱ ይሸፈናሉ?»

ከውሰር ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ የሸራውን አንድ ጫፍ ያዘችላቸው።