የሚሌቼንቶዋ የኋላ በሮች

ገሠሠ የመኪናዋን የኋላ በር ጎትቶ ሲከፍተው መጀመሪያ የዝንብ መንጋ ወጣ፤ ሽታው ተከተለ። ወይዘሮ ሸዋወርቅ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ወንበሩ ላይ የዓሣ አንጀት ደርቆ ተጣብቋል። ወለሉን ቅርፊት ሸፍኖታል፤ ከሥሩ ነጭ ትል ይርመሰመሳል።

«እሷ ናት እማዬ?»

እሷ ናት። በገዛ እጃቸው የሰፉት አረንጓዴ የወንበር ልብስ ከቆሻሻው ሥር ብቅ ብሏል። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ገሠሠ ናዝሬት ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና ሲጠግን የኖረ ልጅ ነው። አቅሙ የሚችላት አንዲት አሮጌ መኪና ገዝቶ፣ አድሶ፣ የራሱ ሊያደርግ ሲያፈላልግ ከርሟል። ዝዋይ አንድ ዓሣ ነጋዴ ጓሮ ውስጥ ፊያት ሚሌቼንቶ ቆማለች፣ በብረት ዋጋ ትሸጣለች ሲሉት የሰውየውን ስም ጠየቀ፤ ስሙን ሲሰማ እናቱን ይዞ መጣ።

አባቱ አቶ ገብረወልድ መኪናዋን የገዟት በጃንሆይ ጊዜ፣ ሽንኩርት ነግደው ነበር። እሁድ እሁድ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ አንዱን ባንዱ ላይ ደራርበው ሶደሬ ዋና ይወስዱባት ነበር። በስድሳ ዘጠኝ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ «ለአብዮቱ ሥራ ትፈለጋለች» አላቸው። ቁልፉን አስረክበው ቤት ገቡ፤ ስሟን ዳግመኛ ሳያነሱ ሞቱ።

ቁልፉን የተቀበላቸው የአብዮት ጥበቃው አለቃ ዘገዬ አሁን ጥላ ሥር ተቀምጦ የተጠበሰ ዓሣ ይበላል። ከሹመቱ ከወረደ ወዲህ ኑሮው እዚሁ ሐይቁ ዳር ነው።

«እትዬ ሸዋወርቅ፣ ቆመው ቀሩ እኮ» አለ፣ ዘይት በወረዛ እጁ በርጩማ እየሳበላቸው። «ዓሣ ይቅመሱ። ዛሬ የወጣ ነው።»

«ጾም ነኝ።»

«ዓሣ ለጾም ይበላል እኮ።»

«እኔ አልበላም።»

«ጋሽ ገብሬ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ደግ ሰው ነበር። መቼም ቂም የለንም። ጊዜው ነው።» ከጥርሱ አጥንት መዝዞ አየና መሬት ላይ ጣለው።

ወይዘሮ ሸዋወርቅን የባላቸው ስም ከዚያ አፍ ሲወጣ ከትሉ ይልቅ ይሄ ቀፈፋቸው።

ገሠሠ ከኮፈኑ ሥር ቀና አለ። ፊቱ በርቷል። «ሞተሩ አልተነካም እማዬ። ወንበሩን አውጥተን እንጥላለን፤ ሌላው እጥበትና ቀለም ነው።» ይህን ብሎ በሮቹን ሊፈትሽ ከኋላ ገባ። በሩ በራሱ ክብደት ተዘጋበት።

ከውስጥ ሲዳብስ ቆየ። ቀጥሎ መስተዋቱን በጣቱ አንኳኳ። እናቱ ከውጭ ከፈቱለት።

«ከውስጥ መክፈቻ የለውም» አለ ላቡን እየጠረገ። «በዚያኛውም በር የለም። አልተሰበረም፤ ሰው ነው ፈቶ ያወጣው። ቀዳዳውን እንኳ በቆርቆሮ ደፍኖታል።»

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘገዬን ፊት ለፊት አዩት። «ማነው ያወጣው?»

ዘገዬ ጣቱን ላሰ። «ያኔ ነዋ እትዬ። ከኋላ የምንጭናቸው ልጆች እየዘለሉ አስቸገሩን።»

ልጆች አለ። የጎረቤታቸው የከሪማ ልጅ ሱሩር ትዝ አላቸው። በሰባ ዓመተ ምሕረት «ለአንድ ጥያቄ ነው» ብለው ከቤቱ ሲያወጡት ሸሚዙን እንኳ አልቆለፈም፤ ሬሳውም አልተገኘም። ሶደሬ ሲሄዱ መስኮቱ አጠገብ ካልተቀመጥኩ ብሎ የሚያለቅሰው እሱ ነበር። እዚህ ወንበር ላይ። እሳቸው በሰፉት ጨርቅ ላይ።

ወደ አጥሩ ዞሩ። አጥሩ ድረስ እንኳ አልደረሱም፤ አስታወካቸው።

«ሽታው ነው» አለ ዘገዬ በአዘኔታ፣ በጣሳ ውሃ ይዞ እየመጣ። «ያልለመደ ሰው አይችለውም።»

ጣሳውን ሳይቀበሉ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ገሠሠ ተጠጋቸው። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፍቷል። «ተዋት ካልሽኝ እተዋታለሁ» አለ ዝቅ ብሎ።

«እሱ ዘንድማ አትቀርም» አሉ። «ውሰዳት።»

ዘገዬ ከገሠሠ ብሩን ቆጥሮ ተቀበለና ሊጨብጥ እጁን ዘረጋ። ወይዘሮ ሸዋወርቅ እጃቸውን ከነጠላቸው አላወጡም፤ ገሠሠም ጎንበስ ብሎ ሚሌቼንቶዋን ከናዝሬት ይዞት ከመጣው የጭነት መኪና ጋር በገመድ ያስር ጀመር። የዘገዬ እጅ ትንሽ ቆይታ ወደ ዓሣው ተመለሰች።

ገመዱ ሲጠብቅ ገሠሠ የኋላ በሮቹን ሊዘጋ ሄደ።

«አትዝጋቸው» አሉት።

«መንገድ ላይ ይገነጠላሉ እኮ እማዬ።»

«ይገንጠሉ።»

ልጃቸው ጥቂት አያቸውና የተረፈውን ገመድ አንስቶ በሮቹን እንደተከፈቱ አሰራቸው። የጭነት መኪናው ተንቀሳቀሰ። ሚሌቼንቶዋ ሁለቱን በሮቿን ወዲያና ወዲህ ዘርግታ፣ የዓሣ ቅርፊት እያራገፈች፣ ከግቢው ወጣች።