ቅቤ የጠገበው ሰገባ

ድንበሩ ሲዘምት ጩቤውን ብቻ ይዞ ሰገባውን ለሚስቱ ተወላት። «ስመለስ እከተዋለሁ፤ ቆዳው እንዳይደርቅ አደራ» አላት። መርዶው መጣ። እሷ ግን ሌላ ባል ሳታገባ፣ ሰገባውን ቅቤ ስትቀባ አረጀች።

ሰገባውን ሊመረምሩላት የወሰዱት የሙዚየም ሰዎች ዛሬ አስጠርተዋት፣ አንዴ ብድግ አንዴ ቁጭ ትላለች።

«ቅቤ እኮ ቆዳ ያበላሻል፣ እማማ» አላት ባለሙያው።

«አንተን በቀቡህ፤ ፊትህ ደርቋል። ይልቅ ለምን ጠራኸኝ?»

ሰገባው አፍ ላይ ባለው ብረት የተመታውን ቁጥር አሳያት። «ይኸው ቁጥር ያለበትን ጩቤ እሳቸው አመጡልን» አለና ጥግ ወደተቀመጠች ጎልማሳ ሴት ጠቆመ። ጩቤውን ከሰገባው ሲከተው ልክክ አለ። ስለቱ ግን ተስሎ ተስሎ ሳስቷል።

አሮጊቷ ደረቷን ነፋች። «ስንቱን ጠላት ቢወጋበት ነው! ድንበሩ ማጀት ረግጦ የማያውቅ ወንድ ነበር።»

ሴትየዋ ፊቷ በራ። «አባዬን ያውቁት ነበር እንዴ? እስካለፈው ፋሲካ ድረስ ለእናቴ ሽንኩርት የሚከትፍላት በዚህ ነበር።»

አሮጊቷ ጩቤውን ከሰገባው መዘዘችና ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው።