የጋሼ ጋይም ደረቅ ቼክ

መርዕድ የተመለሰውን ቼክ ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ወደ ሽማግሌው ይገፋዋል።

«ባውንስ አድርጓል፣ ጋሼ» ይላል። «ደረቅ ቼክ ነው የሰጡኝ።»

ጋሼ ጋይም መነጽራቸውን አድርገው ያዩታል። የገዛ እጃቸው ጽሑፍ ነው። ከኋላቸው ሚስታቸው እትዬ ኣስካሉ ድስቱን ማማሰል ትተው ቆመዋል። በመስኮቱ የጋሼ ጋይም ታክሲ ይታያል፤ በረዶ ለብሶ፣ በአራቱ የመርዕድ የበረዶ ጎማዎች ላይ ቆሟል።

ጎማዎቹን ለኢንተርኔት ጨረታ ያወጣው መርዕድ ራሱ ነበር። የነዳጅ ዋጋ ወድቆ መሀል ከተማ ዳውንታውን ያለው የነዳጅ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛውን ሲበትን አብሮ ተበተነ። በዱቤ የገዛትን መኪናም አበዳሪዎቹ ወሰዱበት፤ ቤት የተቀመጠው የበረዶ ጎማ ቀረ። ጨረታውን ያሸነፈው ሰው ደውሎ በአማርኛ «ጋይም እባላለሁ፣ ልጄ» ሲለው የዘመድ ያህል ደስ አለው። ቼክ ሲጽፉለት «ባንክ ይጣራና ጎማውን ይወስዳሉ» ማለት ነበረበት። አባቱን ለሚያህሉ ሰው ይህን ማን ደፍሮ ይናገራል? ይሉኝታ አፉን ያዘውና ጎማዎቹን ራሱ ተሸክሞ ጫነላቸው።

በዚያ ቼክ ተማምኖ ለአከራዩ የሬንት ቼክ ጻፈ። የእሱም ተመለሰ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! አከራዩ እስከ ዓርብ ካልከፈልክ ልቀቅ ብሎታል፤ ሚስቱ ትግስት ገና አልሰማችም። ከሚኖርበት ከሜይላንድ ሃይትስ አውቶቡስ ቀያይሮ እዚህ ጋሼ ጋይም ሰፈር፣ ሳቫና ድረስ የመጣው ለዚህ ነው።

ትናንት ፖሊስም ጋ ደውሎ ነበር። በደረቅ ቼክ ሰው አናስርም፣ ከፈለግህ ፍርድ ቤት ክሰሳቸው ነው ያሉት።

«ትሪፕ የለም» ይላሉ ጋሼ ጋይም። «ኤርፖርት ተሰልፌ ውዬ ባዶዬን ነው የምገባው። አንድ ሁለት ቀን ሠርቼ አስገባለሁ ብዬ ነበር እኮ የጻፍኩት። ጎማውን ልፍታልህ?»

«ተነድቶበታል፣ ጋሼ። ማን ይገዛኛል?»

«እንግዲያው እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሠኝ።»

«እኔ ዓርብ ሜዳ ላይ ነኝ! ልጆች አሉኝ!» የራሱ ድምፅ ያስደነግጠዋል። ከዚያ ሳያስበው ከአፉ ይወጣል፤ «ደረቅ ቼክ እንደሚያሳስር እርስዎም ያውቃሉ። ፖሊስ ጋ ደውያለሁ።»

መደወሉን ደውሏል። የመለሱለትን ግን አይናገርም። ሽማግሌው አዲስ አበባ ነው ያደጉት፤ በደረቅ ቼክ ስንቱ ነጋዴ ዘብጥያ ሲወርድ አይተዋል። ፊታቸው አመድ ይመስላል። መርዕድ ይህን ሲያይ ገንዘቡ እንግዲህ ከየትም ይመጣል ብሎ ያስባል፤ በሐሳቡ ያፍራል። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበትና ቃሉን አያነሳም።

«ደሃብ እንዳትሰማ» ይላሉ ጋሼ ጋይም ለሚስታቸው። ደሃብ ልጃቸው ናት። ተነስተው ወደ መኝታ ቤት ይሄዳሉ፤ እትዬ ኣስካሉም ምድጃውን አጥፍተው ይከተሏቸዋል። ቁም ሳጥን ሲከፈት ይሰማል። ሊያመጡልኝ ነው፣ ይላል መርዕድ በልቡ። እናቶች ለክፉ ቀን የደበቁት አይጠፋም።

ሲመለሱ ጋሼ ጋይም ካፖርታቸውን ለብሰዋል። እትዬ ኣስካሉ ትንሽ ሻንጣ ይዘዋል። ዚፑ አልተዘጋም፤ ውስጡ ብርድ ልብስ፣ የደም ግፊት ኪኒንና ፎጣ አለ።

«ፎጣውን ያስታወሰችኝ እሷ ናት» ይላሉ ጋሼ ጋይም። «በዘጠና ዓመተ ምሕረት ኤርትራዊ ነህ ብለው ከአዲስ አበባ ሲወስዱኝ ያለ ፎጣ ነበር የወጣሁት። በል እንሂድ፣ ልጄ። መጥተው ጎረቤት ፊት ከሚይዙኝ በእግሬ ብሄድ ይሻላል።»

መርዕድ ተነስቶ መንገዱን ይዘጋባቸዋል።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ። ዋሽቼዎት ነው። እዚህ አገር በዚህ ማንም አይታሰርም። ፖሊሶቹን ጠይቄያለሁ።»

ሽማግሌው ፈገግ ብለው ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል።

«አዝነህልኝ ነው። ደግ ልጅ ነህ፣ የወለደህ አባት ይባረክ። ግን የሰው ገንዘብ በልቼ ቤቴ ልቀመጥ?»

«እውነቴን ነው! እናቴ ትሙት!»

«በእናትህ አትማል።»

በሩ አጠገብ ካለው ደረጃ ላይ ተቀምጠው የቡት ጫማቸውን ማሰሪያ ከየቀዳዳው እየመዘዙ ያወጣሉ። ማሰሪያና ቀበቶ እስር ቤት እንደማያስገቡ ያውቃሉ። ለእትዬ ኣስካሉ ያቀብሏቸዋል፤ እሳቸውም ጣታቸው ላይ ይጠቀልሉታል።

መርዕድ ይንበረከካል። ማሰሪያውን ከእትዬ ኣስካሉ እጅ ወስዶ ወደ ጫማው ሊመልስ ይሞክራል፤ ጫፉ ተተርትሮ አልገባ ይለዋል። ጋሼ ጋይም ከላይ ሆነው እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው ይመርቁታል።