አትንገረው

ዘርጋው የቢሮውን በር በእርግጫ በረገደው። ዕድሜውን ሙሉ ካንሰርን ሲያክምና ሲመራመር የኖረውን ዶክተር እምሩን በክራቫቱ ጎትቶ አፍንጫውን በቡጢ አደቀቀው፤ ከግድግዳው ጋር አላተመው።

«ካንሰር መሆኑን ለአባቴ እንዳትነግረው ብዬ እግርህ ሥር ወድቄ አልነበር? ይኸው ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀምስም ብሏል። ገደልከው!»

ዶክተሩ ደም ተፋ።

«አልነገርኩትም» አለ እያቃሰተ። «ከሰዓት ምርመራ ስላለው ምግብ እንዳይቀምስ ነው ያዘዝኩት።»

«ውሸታም!» ዘርጋው ጉሮሮውን አነቀው።

ጩኸቱ አባቱን ከተኙበት ክፍል አስነስቷቸው ኖሯል። የግሉኮሱን መስቀያ ተደግፈው በተበረገደው በር ላይ ቆመዋል።

«ልቀቀው፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «እሱማ ጨጓራ ነው ብሎኝ ነበር።»