የነዚፍ ማሳ

አባቱ ወንዝ ዳር ያለውን ለም ማሳ ለታናሽ ወንድሙ ለነዚፍ ሰጡና ታላቅየውን «ቡናውን አንተ ትከልለት፤ አንተ የተከልከው ይጸድቃል» አሉት። አንጀቱ እያረረ «እሺ፣ አባ» አለ።

የቡና ሥር ከፍሬው ሲወጣ ጀምሮ ቁልቁል መውረድ ያውቃል። ጫፉ ሽቅብ ታጥፎ ከተቀበረ ግን ልውረድ ሲል ተጠማዝዞ ራሱን ያንቃል፤ ዛፉ ሦስት ዓመት አምሮበት ይቆይና ፍሬ ሲይዝ ይደርቃል። ይህን ማን እንደሱ ያውቃል! የሁለት መቶውን ችግኝ ሥር አንድ በአንድ እያጠፈ ቀበረው።

ሲጨርስ አባቱ መጡ። አንዱን ነቅለው ሥሩን አዩት፤ እንደታጠፈ መልሰው ተከሉትና አፈሩን በእግራቸው ጠቀጠቁት።

«ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ ይሄ ማሳ ያንተ ይሁን» ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «እስኪጸድቅ ማንም እንዳይነካብህ እኔው እጠብቅልሃለሁ።»